መቶ ዓመት የሞላት መኪና፦ ከመጋዘን አቧራ እስከ አስፋልት

አሮጌ መኪና ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለም ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር አካልና የተወለወለ ናስ ይታየዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍና ካቻቢቴ ይዞ ይገባል፤ እሑድ ማታ ላይ ሁሉም ነገር ተበታትኗል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቺ መኪና አራት ካርቶን ብሎንና አንድ የዛገ ሻንሲ ሆና ለሽያጭ ትቀርባለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ? እዚህ ሙያ ውስጥ ግን ብዙው ሰው አፍሶ ይቀራል፤ አይለቅምም።

ስለዚህ እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ መኪናዋን መረዳት። ከዚያ መቆም እንደምትችል ማረጋገጥ። ከዚያ ማስነሳት። ቀለም መጨረሻ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያስፈልግም።

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛዋ መኪና?

በእንግሊዞች አከፋፈል ከ1905 በፊት የተሠሩት «ቬተራን» ይባላሉ። እስከ 1918 መጨረሻ ያሉት «ኤድዋርዲያን»፣ ከ1919 እስከ 1930 ያሉት ደግሞ «ቪንቴጅ» ናቸው። ክፍፍሉ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ በየኖቬምበሩ ከለንደን እስከ ብራይተን የሚደረገው ታዋቂ ጉዞ የሚቀበለው ከ1905 በፊት የተሠሩትን ብቻ ነው።

ለጀማሪ ምከር ካላችሁኝ ግን መልሴ አንድ ነው፦ ፎርድ ሞዴል ቲ። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ከዚህ ብዛት የተነሳ ዛሬም ድረስ አዲስ መለዋወጫ ይመረትላታል። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። የውሃ ፓምፕ የላትም (ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በስተቀር)። የዘይት ፓምፕ የላትም። የነዳጅ ፓምፕም የላትም። ውሃው ሲሞቅ በራሱ ወደ ላይ ይወጣና በራዲያተሩ በኩል ቀዝቅዞ ይወርዳል። ዘይቱን የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይረጩታል። ቤንዚኑ ከመቀመጫ ሥር ካለው ታንክ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የሌለ ነገር አይበላሽም።

ስለዚህ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከሞዴል ቲ ናቸው። የእናንተ መኪና ብርቅ ከሆነች ሥራው ያው ነው፤ ልዩነቱ የጎደለውን ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ማሠራት ሊኖርባችሁ መቻሉ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የሞተሩ ብሎክ ተሰንጥቋል? (ውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል።) አካሉን የተሸከመው እንጨት በስብሷል? የጎደሉት ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? የተሰበረ ዕቃ ቢያንስ ለአዲሱ ናሙና ይሆናል። የጠፋ ዕቃ ግን ምን ይመስል እንደነበር እንኳ አይነግራችሁም።

አንድም ብሎን ሳይፈታ

ፎቶ አንሱ። በቃኝ ካላችሁ በኋላ ሌላ መቶ ጨምሩ። ሽቦ የት እንደገባ፣ ሮንዴላ በየትኛው ወገን እንደነበር፣ ዘንግ በየት በኩል እንዳለፈ ሁሉ። ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ ፍቱ፣ ጨርሱት፣ መልሱት፣ ወደ ሌላው እለፉ። ብሎኑን ካወጣችሁ በኋላ ወደ ራሱ ቀዳዳ መልሳችሁ በእጅ ጥቂት አጥብቁት። የማይመለሰውን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከላዩ ጻፉበት። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ። አታስታውሱትም።

በዚህ ደረጃ አንድ ውሳኔ ይጠብቃችኋል፦ ልታድሷት ነው ወይስ ባለችበት ልትጠብቋት? የመቶ ዓመት ቀለም፣ የተሰነጣጠቀም ቢሆን፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም በቱሪን ቻርተሩ የመኪናዋ ታሪክ ከላይዋ ላይ እንዳይፋቅ ይመክራል። እኔ በበኩሌ ሳይዝግ የቆየ የመጀመሪያ ቀለም ካገኘሁ በሳሙናና በሰም ጠርጌ እተወዋለሁ።

የግድ ቀለም መቀባት ካለባት ደግሞ መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረች እወቁ። ከመቀመጫ ሥር ወይም ሌላ የተደበቀ ቦታ ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፍቁ። ንብርብሩ እንደ ቀይ ሽንኩርት ይገለጣል። ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ ነበረች የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ጥቁር ብቻ የሆነችው ከ1914 እስከ 1925 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ቀለም ነበራት።

አደጋም አለ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይኖርበታል፤ በደረቁ አትፋቁት። የድሮ የፍሬን ሸራ፣ ጓርኒሲዮንና የጭስ ማውጫ መጠቅለያ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። አቧራቸውን በኮምፕረሰር አትንፉ፤ አርጥባችሁ ጥረጉ፤ ትክክለኛ የአፍ መሸፈኛ አድርጉ።

የተኛ ሞተርን መቀስቀስ

ለዓመታት የቆመ ሞተር ተነክሶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይያያዛል። ትልቁ ስህተት መኪናዋን በሌላ መኪና ጎትቶ በግድ ለማዞር መሞከር ነው። እንደዚያ ሲደረግ ቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን የያዘው ክንድ፣ ይጣመማል ወይም ፒስተን ይሰበራል።

ካንዴላዎቹን ፍቱ። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት ጥቂት አፍስሱ። አሴቶን በቀላሉ ስለሚነድ እሳትና ብልጭታ አርቁ። ከዚያ ጠብቁ። አንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በየሁለት ቀኑ ጨምሩበት። በመጨረሻ ኮሎውን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ በእጅ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ትንሽ ወዝውዙት። የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ አሸንፋችኋል። አሁንም አትቸኩሉ።

ዕንቢ ካለ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ አውርዱ። በሞዴል ቲ 15 ብሎን ነው። የዛገ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ጥቂት ለማጥበቅ ሞክሩ። ዝገቱ በዚያ ይሰበራል። ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ ሙቀት፣ ትዕግሥት። ቫልቮቹም ተጣብቀው ይሆናል፤ አንድ በአንድ ዘይት እያጠጣችሁ አላቅቋቸው።

ሞተሩ መዞር ሲጀምር ለማስነሳት አትሽቀዳደሙ። የታችኛውን ክዳን ፍቱና የተጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ አውጡ። ይህ ጭቃ ሳይጸዳ ዘመናዊ የማጽጃ ኬሚካል ያለበት ዘይት ከገባ፣ ዘይቱ ጭቃውን ይፈታና ጠባቧን የዘይት መስመር ይደፍናል። በሞዴል ቲ የፊተኛውን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን መቀመጫ) የምታጠጣው አንዲት ቀጭን ቱቦ ናት። እሷ ከተደፈነች ሞተሩ አለቀለት።

ኩሽኔታ፦ ቀልጦ የሚፈስ ብረት

የዚያ ዘመን የሞተር ኩሽኔታ ከሱቅ ገዝተህ የምትከተው ግማሽ ቀለበት አይደለም። አይዛክ ባቢት በ1839 የፈለሰፈው ነጭ ብረት ነው፤ ቆርቆሮ፣ መዳብና አንቲሞኒ የተቀላቀለበት። ቀልጦ በቦታው ላይ ይፈስሳል፣ ከዚያ በልኩ ይሞረዳል።

ሰነጠቀ ወይስ ደህና ነው? የቢዬላውን ክዳን ፍቱና በደንብ ባለ መብራት እዩት። የፀጉር ስንጥቅ፣ ተላጦ የወደቀ ቦታ፣ በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ ቁራጭ ካለ እንደገና መፍሰስ አለበት። ይህን ሥራ ለባለሙያ ስጡ። በቤት ውስጥ መሞከር እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን እርጥበት የነካው ቅርጽ ላይ የቀለጠ ብረት ሲፈስ ወደ ፊት ይፈነዳል፤ ዓይን ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ዝገትን በባትሪ ቻርጀር

ለትንንሽ የብረት ዕቃዎች ከአሸዋ መንፊያ ይልቅ የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውሃ ሙሉና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ጨምሩበት። የዛገውን ዕቃ በሽቦ አንጠልጥሉና ከባትሪ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ ጋር አገናኙት። ከፖዘቲቩ ጋር ደግሞ የማትፈልጉትን ተራ ብረት። ሁለቱ አይነካኩ። በማግስቱ ዝገቱ ወደ ጥቁር ዱቄት ተለውጦ በብሩሽ ይለቃል። ደህናው ብረት አይበላም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው አየር ባለበት ይሁን፤ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ቻርጀሩን አጥፉ። ለፖዘቲቩ ስቴንለስ ስቲል በፍጹም አትጠቀሙ፤ መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውሃው ይለቃል። አሉሚኒየምና ናስም እዚህ በርሜል ውስጥ አይገቡም።

ሰፊ ላሜራን፣ ለምሳሌ ኮፈንና ፓራፋንጎን፣ በከባድ ግፊት አሸዋ አታስነፉ። ላሜራው ይጣመማል። ቀጥ ያለ ሄዶ እንደ ቺፕስ ሆኖ የተመለሰ ኮፈን አይቻለሁ።

ማንም የማያየው አደጋ

ከዚህ ሁሉ አንድ አንቀጽ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የሞዴል ቲ የእግር ፍሬን ጎማው ላይ አይደለም። ካምቢዮው ውስጥ ነው። ፍሬኑን ስትረግጡ በካምቢዮው ውስጥ ያለ ከበሮ በቀበቶ ይታነቃል፤ ማነቁ በረጅሙ ዘንግ፣ በፒኞንና በኮሮና (ኋላ ባሉት ትንሽና ትልቅ ጥርሳም ክብ ብረቶች) በኩል አልፎ የኋላ ጎማዎቹን ያቆማል። ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ የእግር ፍሬን የለም ማለት ነው።

የሚበጠሰው ደግሞ የታወቀ ቦታ ላይ ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ኮሮናውን ከፒኞኑ ጋር አጠጋግተው የሚይዙ ወፍራም ሮንዴላዎች አሉ። ፋብሪካው ከዚያው ከነጭ ብረት ነው የሠራቸው። ከዕድሜ ብዛት ይሰነጣጠቁና ይፈረፈራሉ። ያኔ ኮሮናው ከፒኞኑ ይሸሻል። መኪናዋ መንዳትም መቆምም ያቅታታል፤ ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ስለዚህ ሻጩ «ኋላዋ ተሠርቷል» ቢላችሁም ዲፈረንሻሉን ክፈቱ። በዘይቱ ውስጥ ግራጫ ፍርፋሪ ካያችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። ሮንዴላዎቹን በነሐስ በተሠሩት ቀይሩ። እግረ መንገዳችሁን የአክስሉን ኩሽኔታዎችና የዘይት መያዣ ጓርኒሲዮኖችም እዩ። በዘመናዊ መንገድ የምትነዱ ከሆነ በኋላ ጎማ ከበሮ ላይ ከውጭ የሚያንቅ ተጨማሪ ፍሬን ግጠሙ። «ኦሪጅናል አይደለም» የሚላችሁ ይኖራል። ቁልቁለቱን እሱ ይውረደው።

የካምቢዮው ቀበቶዎች ሦስት ናቸው፦ ለቀስታ ማርሽ፣ ለኋላ ማርሽ፣ ለፍሬን። ሸራቸው ካለቀ ይቀየራል፤ ከላላ ይጠብቃል። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ግን ሁልጊዜ ይፈትጋል፤ ይቃጠላል።

የእንጨት እግር

የእንጨት ራጂ (ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጉ ዘንጎች) ያላቸውን ጎማዎች በክሪክ አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ራጂዎቹ ላልተዋል። ድሮም ዛሬም የሚመከር አቋራጭ አለ፦ ጎማውን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል። ግን ሲያብጥ ክሩ ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። መታጠፊያ ላይ ከተሰበረ ጎማው ይተኛል፣ መኪናዋም አብራው። አዲስ ራጂ ከሂከሪ እንጨት አሠሩ።

የላስቲኩ ጥርስ ባያልቅም ዕድሜ ይበላዋል። ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጣሉት። በቸርኬው ጠርዝ ተጠምዶ የሚቀመጠው የድሮ ዓይነት ጎማ ከ55 እስከ 60 ፒኤስአይ ንፋስ ይፈልጋል። ለዛሬ መኪና ይበዛል፤ ለእሷ ግን ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የንፋስ ማስገቢያውን ይቆርጠዋል።

ብልጭታና ቤንዚን

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የእንጨት ሳጥን ብልጭታ የሚፈጥሩ አራት ኮይሎች ይዛለች፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ሲሠሩ እንደ ንብ ይጮኻሉ። ድምፃቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከደከመ ሞተሩ ያነክሳል፤ ሰው ግን ካርቡሬተሩን ሲነካካ ይውላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ መጀመሪያ ብልጭታውን አረጋግጡ። የመተኮስ ቅደም ተከተሉ 1፣ 2፣ 4፣ 3 ነው። የጨርቅ ልባስ ያለው የድሮ ሽቦ ሲነካ ከተፈረፈረ ያለ ክርክር ይቀየር፤ ዋናው መስመር ላይም ፊውዝ ጨምሩ።

ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ማግኔቶ ቮላኖው ላይ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ላይ ነው። 16 ቋሚ ማግኔቶች አብረው ይሽከረከራሉ። ባትሪ ከማግኔቶው መገናኛ ጋር በስህተት ካገናኛችሁ ማግኔቶቹ ይዳከማሉ።

የነዳጁን ታንክ እጠቡ፤ ከሥሩ ያለውን የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ክፈቱ። የዚህ ሞተር እመቃ 4 ለ 1 አካባቢ ስለሆነ ውድ ቤንዚን አያስፈልገውም። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለገበያ የቀረበው በ1923 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሞተር እርሳስ አያውቅም፤ ስለዚህ ማካካሻ ቅመም ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አመስግናችሁ እለፉት። አሳሳቢው ኢታኖል ነው። በድሮ ካርቡሬተር ውስጥ የሚንሳፈፈው ቡሽ የሚለበጠው ሼላክ በተባለ ቫርኒሽ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ቡሹን በነዳጅ በማይሟሟ ነገር ልበጡት ወይም በናስ ተንሳፋፊ ለውጡት።

አካሉ

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ስለ ቀለም የሚያወራ ሞልቷል። ላሜራውን ከመንካታችሁ በፊት ከውስጥ ያለውን የእንጨት አጥንት አስተካክሉ። በሩ የማይገጥመው አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ስለወረደ ነው፤ በስቱኮ አይድንም። የፊቱን መስታወት ሲሰበር በማይቆርጥ፣ በተደራረበ መስታወት ቀይሩ። የመጀመሪያው ተራ መስታወት ነው፤ በግጭት ጊዜ ቢላ ይሆናል። ደግሞ በአሜሪካ በተሠራች ክፍት ሞዴል ቲ የሾፌሩን በር ለመክፈት የምትታገሉ ከሆነ ተዉት። ከ1912 እስከ 1925 በተሠሩት ላይ በዚያ በኩል ያለው የበር ቅርጽ ብቻ ነው። ሾፌሩ የሚገባው በተሳፋሪው በር ነው።

ማስነሳት

ከ1919 ጀምሮ ሞተሪኖ ያላቸው አሉ። ሌሎቹ የሚነሱት ከፊት በሚገባው የብረት እጀታ፣ በማኖቬላ ነው። ማኖቬላ ክንድ ሰብሮ ያውቃል። ቅደም ተከተሉን አንድም ቀን አትዝለሉ።

1. ውሃውን እስከ አፉ ሙሉ። በፓምፕ ስለማይሠራ የጎደለ ራዲያተር ውሃ አያዞርም።

2. ዘይቱን እዩ። መለኪያ ዘንግ የለም። ከሞተሩ ኋላ በታች ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች አሉ። ታችኛው ሲከፈት ዘይት መውጣት አለበት፤ ከላይኛው መውጣት የለበትም።

3. የነዳጁን ቧንቧ ክፈቱ።

4. በሾፌሩ ግራ ያለውን ረጅም የእጅ ዘንግ ሙሉ ለሙሉ ወደኋላ ሳቡ። ይህ ማርሹን ነጻ ያደርጋል፣ የኋላ ጎማዎቹንም ይይዛል። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ጨምሩ። ብርድ ሲሆን ወፍራሙ ዘይት ፍሪሲዮኑን ስለሚያጣብቀው መኪናዋ እንደተነሳች ወደ እናንተ ልትመጣ ትችላለች። ፊቷ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

5. ከመሪው ሥር ሁለት እጀታዎች አሉ። የግራው የብልጭታ ሰዓት ነው። የቀኙ ነዳጅ መስጫ ነው። የግራውን እስከ ላይ ግፉ። የቀኙን አራት አምስት ጥርስ አውርዱ። የግራው ወደ ታች ወርዶ ከቀረ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ይመጣል፤ ሞተሩ ወደኋላ ይመታል፤ የሚመታው እጃችሁን ነው።

6. ቁልፉን ሳትከፍቱ በራዲያተሩ አጠገብ ያለችውን የሽቦ ቀለበት እየሳባችሁ ማኖቬላውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሩብ ዙር ወደ ላይ ሳቡ። ቤንዚን ይገባል። ሞተሩ ሞቃት ከሆነ ይህን ዝለሉ።

7. ቁልፉን ወደ ባትሪ አዙሩ። የግራ እጃችሁን ተጠቀሙ። አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፤ እጀታውን አትጠቅልሉበት። ከታች ጀምራችሁ አንዴ ፈጠን አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ወደ ታች በክብደታችሁ አትግፉ፤ ሙሉ ዙር ለማሽከርከርም አትሞክሩ።

8. ሲነሳ ሄዳችሁ የግራውን እጀታ አውርዱ። ሞተሩ ሲለሰልስ ትሰማላችሁ። ከዚያ ቁልፉን ከባትሪ ወደ ማግኔቶ አዙሩ።

በሦስተኛው ሙከራ ካልተነሳ እረፉና አስቡ። በንዴት ማኖቬላ የሚያዞር ሰው አውራ ጣቱን የት እንዳደረገ ይረሳል።

መንዳት

ሦስት ፔዳል አለ፤ አንዱም የምታውቁት አይደለም። የግራው እስከ ታች ሲረገጥ ቀስተኛው ማርሽ ነው። ግማሽ ሲረገጥ ነጻ ነው። ሲለቀቅ ፈጣኑ ማርሽ ነው። የመሃሉ የኋላ ማርሽ ነው። የቀኙ ፍሬን ነው። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ ነው።

ችግሩ እግራችሁ የለመደው ነው። በዛሬ መኪና ፍሪሲዮን ለለመደ ሰው፣ ሲደነግጥ ግራ እግሩ እስከ ወለል ይረግጣል። እዚህ እንዲያ ካደረጋችሁ መኪናዋ በቀስታ ማርሽ ትጎትታለች እንጂ አትለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ እንደጠፋ ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱ። «ነዳጅ ዝጋ፣ ግራ ግማሽ፣ ቀኝ እርገጥ።» ሃምሳ ጊዜ። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ። ከዚያ ሰው የሌለበት ሜዳ።

ለመነሳት የግራውን ፔዳል ግማሽ ላይ ያዙና የእጁን ዘንግ ወደፊት ልቀቁ። ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ የግራውን ቀስ ብላችሁ እስከ ታች እርገጡ። ትሄዳለች። የሰው ሩጫ ያህል ስትፈጥን ነዳጁን ቀነስ አድርጋችሁ ፔዳሉን ልቀቁ። ሁለተኛው ማርሽ ያ ነው፤ ሦስተኛ የለም። ለኋላ ማርሽ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትቆም የግራውን ግማሽ ይዛችሁ የመሃሉን እርገጡ።

የብልጭታው እጀታ ሁልጊዜ ሥራ አለው። ፍጥነት ሲጨምር ይወርዳል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅና ማንኳኳት ሲጀምር ትንሽ ይወጣል። ወደ ላይ ተረስቶ ከቀረ ሞተሩ ይግላል፤ ራዲያተሩ ይፈላል። የፈላ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም።

ዳገት ከመድከሟ በፊት በቀስታው ማርሽ ይጀመር። ታንኩ መቀመጫ ሥር በሆኑት ላይ ነዳጁ ከጎደለና ዳገቱ ከቀና ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ አይደርስም። የዚያ ዘመን ሾፌሮች መፍትሔ መኪናዋን አዙሮ በኋላ ማርሽ መውጣት ነበር። ዛሬም ይሠራል፤ ታንኩን መሙላት ግን ያነሰ ትዝብት አለው።

ቁልቁለት ላይ አፋፉ ጋ ፍጥነት ቀንሱ፤ ነዳጁን ዘግታችሁ የግራውን ፔዳል እስከ ታች ያዙ፤ ሞተሩ ራሱ ያግታት። ፍሬኑን ረግጦ እስከ ታች መውረድ ሸራውን ያቃጥለዋል። የፍሬን ቀበቶው ቢያልቅ የኋላ ማርሹ ፔዳልም ያቆማል፤ የድሮዎቹ ሾፌሮች ሸራው እኩል እንዲያልቅ ብለው እያፈራረቁ ይረግጡ ነበር።

ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ደስ ብሏት የምትሄደው በ50 አካባቢ ነው። የምትቆመው በኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቁ፤ አንድ ሰው በመሃል ቢገባባችሁ እንደገና ራቁ። መሪው በትንሹ ብዙ ይዞራል፤ ጉድጓድ ሲመታው ይወረወራል። አገናኞቹ ካረጁ ሙሉ ሲጠመዘዝ ወደዚያው ተገልብጦ ሊቀር ይችላልና አዘውትራችሁ እዩአቸው። ኋላ ላይ ትንንሽ የዘመኑ መብራት ግጠሙ። የሌላው ሾፌር ዓይን ቀስተኛ ነገር አይጠብቅም።

ካምቢዮ ያላቸው ሌሎቹ

የዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሌሎች መኪኖች ተራ ካምቢዮ አላቸው፤ ግን ጥርሶቹ በራሳቸው አይስማሙም። ወደ ላይ ማርሽ ስትቀይሩ፦ ፍሪሲዮን እርገጡ፣ ነጻ አድርጉ፣ ፍሪሲዮን ልቀቁ፣ ሞተሩ እስኪቀንስ ጠብቁ፣ እንደገና እርገጡና አስገቡ። ወደ ታች ስትቀይሩ በነጻው መሃል ላይ ነዳጅ ስጡ። ከተንጫጫ አታስገድዱ። ደግሞም በአንዳንዶቹ ነዳጅ መስጫው መሃል፣ ፍሬኑ ቀኝ ላይ ነው። ቁጭ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ።

ስትመለሱ

ከመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ብሎን በቁልፍ ዳስሱ። ጎማዎቹ መሃል ላይ እጃችሁን አድርጉ፤ የሚያቃጥል ካለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለው። የግሪስ ክዳኖቹን ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፤ የተሠሩት ለዚያ ነው። የዘይት ማጣሪያ ስለሌላት አዲስ የተሠራ ሞተር ላይ ዘይቱን ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ እቀይራለሁ፤ ገና ትኩስ ሳለ።

የነዳጁን ቧንቧ ሁልጊዜ ዝጉ። ካርቡሬተሩ ያንጠባጥባል፤ በአንድ ሌሊት ወለሉን ቤንዚን ያደርገዋል። የባትሪውንም ሽቦ አላቅቁ።

አንድ ነገር ቀረ። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ከቆመ ከአፍታ በኋላ ቁልፉን ወደ ባትሪ ስታዞሩ ማኖቬላ ሳይነካ በራሱ ሊነሳ ይችላል። በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚንና አየር ኮይሉ ሲጮህ ይተኩሳል። ጀማሪ ሲያየው ይደነግጣል፤ ባለቤቷ ይኩራራል። ስለዚህ መኪናዋ ዙሪያ ሰው ሲሰበሰብ፣ ልጅም መቀመጫው ላይ ሲወጣ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።